ሕፃን የሚለው ቃልና የትርንጎ ድስት

ሸዋ ሮቢት
ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእህቴ ለስንታየሁ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ሙቀቱም ጋብ ብሎልን ሰዉም ከብቱም ደህና ነው። ደብዳቤሽን ሾፌሩ ሐሚድ መኪናውን እንኳ ሳያጠፋ በመስኮት ሰጥቶኝ ወደ ደሴ አለፈ። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሕፈትሽን ሳይ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። አንዱ ሞታለች ይለናል፣ ሌላው አለች ይለናል፤ ከእስር መውጣትሽን ያወቅሁት ገና አሁን ነው።

ይህን የምጽፍልሽ እኔው ራሴ ነኝ። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ተማርኩ። ፊደሌ ዶሮ የጫረችው ቢመስልሽም አትሳቂብኝ፤ የአስተማሪ ዓይን እንደሆነ ምሕረት የለውም።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ክፍል ውስጥ ቃል በካርድ ላይ ትገለብጫለሽ፤ የደረሰሽ ፊደል "ሐ" ነው፤ "ሕፃን" የሚለው ቃል በእኛ በይፋት ቆላ እንዴት እንደሚነገርና በዐረብኛ ዘመድ እንዳለው አባቴን እንድጠይቅልሽ ትፈልጊያለሽ። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ አንድ ቃል። ወረቀቱን ገልብጬ አየሁ፣ ፖስታውንም አራገፍኩ። "ልጄ እንዴት ናት?" የሚል አጣሁበት። ድሮም ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ትወጂ ነበር።

ለማንኛውም አባባን ጠየቅኩልሽ። እንደምታውቂያቸው መጽሐፍ ሲባል ሕመማቸውም ይለቃቸዋል። እንዲህ አሉ፦ እኛ ቤት ውስጥ ልጅ፣ ጨቅላ፣ እንቦቀቅላ እንላለን እንጂ ሕፃን አንልም፤ ሕፃን የራዲዮና የክሊኒክ ቃል ነው። ዐረብኛው ግን ሐዷና የሚል አለው። ዶሮ እንቁላል ላይ ስትተኛ በዚያ ቃል ይነገራል። ሴት ልጅ ጎኗ ላይ አድርጋ ስታቅፍም እንደዚያው። ቃዲ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ባልና ሚስት ሲለያዩ ልጁን ማን ይዞ ያሳድግ የሚባለው ነገር ነው። እኔ በበኩሌ ከበላያችን ያሉት ኦሮሞዎች ጉዲፈቻ የሚሉት አለ አልኳቸው። "እሱ ሌላ ነው፤ እሱ የሰውን ልጅ የራስ ማድረግ ነው" አሉኝ። ካርድሽ ላይ የሚሆነውን መርጠሽ ጻፊ።

አሁን ያልጠየቅሽኝን ልመልስ። ትርንጎ ደህና ናት። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አሮጊት ትመስላለች። ከእኔው ከአደም ጋር ሲጣሉም ሲታረቁም ይውላሉ። ሊያስሩሽ በመጡ ቀን ከጡትሽ ነቅለሽ ስትሰጭኝ አደም ጡቴ ላይ ነበር፤ አንዱን ለሱ አንዱን ለሷ አደረግሁ። አባባን የክርስቲያን ልጅ ማጥባት ይቻላል ወይ ብዬ ብጠይቃቸው "ጡት እንደ ሥጋ ባራኪ የለውም፣ ስጫት" አሉኝ። ቀበሌው ይቺ ማን ናት ብሎ ሲመጣም የጡት ልጄ ናት አልኩ። አልዋሸሁም።

የቀረውን አንቺ ስትጠይቂኝ እነግርሻለሁ።

ሙሚና አብዱልወሃብ

*

አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሙሚና፤

ሰላምታዬ አንቺንም፣ ሼህ አብዱልወሃብንም፣ የቤቱን ሰው ሁሉ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። ጽሕፈትሽ ላይ አልሳቅሁም። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ እንዲህ ቢጽፉልኝ ኖሮ ደስታውን አልችለውም ነበር።

ስለ ልጄ ያልጠየቅሁት ስላላሰብኩ እንዳይመስልሽ። ፈርቼ ነው። መልሱ "የለችም" ከሆነ በደብዳቤ ማንበብ አልቻልኩም። ቃሉን ብጠይቅ ትመልሽልኛለሽ፣ ስትመልሽም ከነገርሽ መሃል እንደምንም እሰማለሁ ብዬ ነው። ሞኝነት ነበር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ፊደሉ የደረሰኝ በአጋጣሚ ነው። አለቃዬ መሪጌታ ናቸው፤ ካርድ ሲያርሙ ተማሪ እንደሚገሥጹ ሆነው ነው። የአባትሽን ቃል ባነብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው "እንግዲያማ ወንድማማቾች ናቸው" አሉ። በግእዝ ሐፀነ ማለት አሳደገ፣ ታቀፈ ነው። ሐፃኒት ሞግዚት ናት፤ ሕፅን እቅፍ ነው፤ በዕብራይስጥም ለእቅፍ የቀረበ ቃል አለ አሉኝ። ማሕፀንም ከዚያው ይወጣል። "ተማፀንኩ" የምንለውም እቅፍህ አስገባኝ ማለት ነው። በመጨረሻም ማሕፀንት የሚል አሳዩኝ። ትርጉሙ አደራ ነው። ይህን ስገለብጥ ካርዱን አበላሸሁት። መሪጌታ ሌላ ካርድ ሰጡኝ።

አሁን የምኖረው ከታላቅ እህቴ ከከበቡሽ ጋር ነው። ሦስት ልጆች አሏት፤ ቤቱ ጠባብ ቢሆንም ለአንድ ሕፃን ቦታ አይጠፋም። የትርንጎ አባት እንደማይመለስ እስር ቤት ሳለሁ ነገሩኝ። ሌላ የለኝም፣ ሙሚና። ልወስዳት እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ፣ አትቆጭኝ። ከእኔ ጋር የታሰረች አንዲት ሴት "እስላም ቤት የቀረች ልጅ የእነሱ ሆናለች፤ እርምሽን አውጪ" ትለኝ ነበር። ማተቧ አለ ወይ? ምን ስትበላ አደገች? ይህን በመጻፌ አፍራለሁ፤ ሳልጠይቅሽ ግን እንቅልፍ የለኝም።

ስንታየሁ

*

ሸዋ ሮቢት
ጥር 4 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለስንታየሁ፤

ደህና ነሽ? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤሽን አንብቤ ሦስት ቀን ተቆጥቼ ሰነበትኩና ቁጣዬ ሲወጣልኝ ብዕር አነሣሁ።

ማተቧ አንገቷ ላይ ነው። አንቺ ያሰርሽው ተበጥሶ ነበር። የትምባሆ እርሻው ዘበኛ ካሳሁን ትዝ ይልሻል? ከግቢያችን ጀርባ የነበረው? ሚስቱ አዲስ ክር አምጥታ አሠረችላት። ጎረቤቱ ሁሉ "አስልሚያትና ጽድቁን ውሰጂ" እያለ ሲነዘንዘኝ አባባ አንድ ቀን በር ላይ ቆመው "አደራ እንደተሰጠ ነው የሚመለስ፤ ይቺን ልጅ የሚነካ ከኔ ጋር ነው ነገሩ" አሉ። ከዚያ በኋላ ዝም ተባለ።

ምን በላች ላልሽው፣ እኛ ያረድነውን ሥጋ አንድ ቀን አልቀመሰችም። ለብቻዋ ትንሽ ድስት ገዛሁላት። እኛ ለዐረፋ በግ ስናርድ ቁጭ ብላ እንዳታይ ለሷ ዶሮ እገዛለሁ፤ ካሳሁን በስመ አብ ብሎ ይባርክላታል፤ እኔ በዚያች ድስት እሠራላትና ለብቻዋ ትበላለች። ልጆቼ እጃቸውን ወደ ድስቷ ሲሰዱ እመታቸዋለሁ፤ የክርስቲያን ሥጋ ነውና ለነሱ አይሆንም። እሷም ወደኛ ሳሕን ስትመጣ እመልሳታለሁ። "ይቺ ድስት የእናትሽ ናት፤ እናትሽ ስትመጣ ይዘሻት ትሄጃለሽ" እላታለሁ። ስንት ጊዜ አልኳት መሰለሽ።

አንድ ስሕተት ግን አለብኝ። ረቡዕና ዓርብ እንድትጾም አደረግኋት፤ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላት። የክርስቲያን ጾም ነው ብዬ ወተቱን ሁሉ ከለከልኳት። በኋላ ካሳሁን ሰምቶ እስኪያነባ ሳቀ። "ሕፃን እኮ ሰባት ዓመት እስኪሞላው አይጾምም" አለኝ። እኔ ከየት ልወቅ? ወተቱን መለስኩላት። እሷ ግን ጾሙን አልለቅም አለች። በጾሟ ቀን ሽሮ ወይ ምስር ስለምሠራ ሁላችንም ከአንድ ሳሕን ነው የምንበላው። ረቡዕ ሲሆን ከሁሉ ቀድማ እጇን ታጥባ ትቀመጣለች።

እንግዲህ አባባ የሚሉት ይህን ነው። በኛ መዝሀብ፣ በምንከተለው የሸሪዓ መንገድ ማለት ነው፣ እናትና አባት በልጅ ሲጣሉ፣ ልጁ ክፉና ደግ የሚለይበት ሰባት ዓመት ሲሞላው እሱ ራሱ ይጠየቃል። "ሕጉ ለእናትና ለአባት ነው፤ ለናንተ አልተጻፈም፤ እኔ ግን ብጠይቃት ይሻለኛል" አሉ። በዚህ ወር ሰባት ይሞላታል። ነይና በፊታችን ትጠየቅ።

የልቤን ልንገርሽ፤ እንድትቀርልኝ ነው የምፈልገው። ይህን ደብቄ በፈገግታ ብቀበልሽ ውሸታም እሆናለሁ። ቢሆንም ነይ። ሁዳዴ ሳይገባ ብትመጪ ይሻላል።

ሙሚና

*

ሸዋ ሮቢት
መጋቢት 6 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእህቴ ለስንታየሁ፤

የላክሽው ደብዳቤ ከጨርቁና ከስኳሩ ጋር ደረሰኝ፤ እጅሽ አይንጠፍ። በገጹ ሁሉ ይቅርታ፣ ይቅርታ ይላል። ምን አድርገሽ ነው? ልጅሽን ወሰድሽ።

ስትሄዱ አለመውጣቴን አንሥተሻል። እውነት ነው፤ አልወጣሁም። ከቤቱ ጀርባ ነበርኩ። ሐሚድ ጥሩምባውን ሲነፋም ሰምቻለሁ። ብወጣ እጇን የምለቅ አልመሰለኝም።

አባባ "ከማን ጋር ትሆኛለሽ?" ሲሏት ተነሥታ ወደ ጓዳ ስትገባ እኔ ልትደበቅ መስሎኝ ነበር፤ ልቤም ትንሽ ደስ ብሎት ነበር። ድስቷን ይዛ ወጥታ ካንቺ ጉልበት አጠገብ ስትቆም ነው የገባኝ። እሷ የመረጠችም አይመስለኝ። እናትሽ ስትመጣ ይዘሻት ትሄጃለሽ ብያት የለ? እናቷ መጣች፤ ድስቷን ይዛ ሄደች። እኔው ያስተማርኳትን ነው ያደረገችው። ማንን እወቅሳለሁ?

አደም ለሳምንት ያህል አኮረፈኝ። አሁን ይሻለዋል። አባባም ደህና ናቸው፤ ያ ቃል ካርድ ላይ ወጣ ወይ እያሉ ይጠይቁኛል።

ከከበቡሽ ልጆች ጋር ከአንድ ትሪ ትበላለች፣ ቶሎ ለመደች ያልሽው አስደስቶኛል። ይህን ስታነቢ ልቧን ያስፋላት ብዬ ዱዓ ማድረጌን እወቂ። ማልቀሴ ሌላ ነገር ነው።

ሙሚና

*

አዲስ አበባ
ሚያዝያ 25 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሙሚና፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ባለፈው ቶሎ ለመደች ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ የምጽፍልሽም ምክር ፈልጌ ነው።

አንቺ ጋ ደርሼ ያመጣኋት ጾሙ ሊገባ ሲል ነበር። ሁዳዴውን ሙሉ ሽሮና ምስር ስለነበር ከሁላችን ጋር ትበላ ነበር፤ ከሁሉ ቀድማ ታጥባ ትቀመጣለች። እኔ ልጄ ተመለሰችልኝ እያልኩ ስደሰት ከረምኩ። ለካስ ጾሙ ነው።

በፋሲካ ዶሮው ቀርቦ ሁሉም ሲከብ ተነሥታ ሄደች። የት ገባች ስንል ድስቷን ይዛ መጣችና "የኔን እዚህ" አለች። ከበቡሽ ሳቀች፣ ልጆቹም ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ጨመርኩላት፤ ጥግ ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በላች። ሥጋው የኛው ነው፣ ሁላችንም ክርስቲያን ነን፣ ባራኪውም አንድ ነው ብዬ አስረዳኋት። ራሷን ትነቀንቃለች፤ ሲቀርብ ግን ድስቷን ታመጣለች። አንድ ቀን ደበቅሁባት። አላለቀሰችም፤ ጦሟን አደረች።

ከዚያ በየቀኑ "ረቡዕ መቼ ነው?" ትለኝ ጀመር። ምን እንደምትፈልግ የገባኝ በጾሟ ቀን ሁላችንም ከአንድ ሳሕን ብለሽ የጻፍሽልኝን ሳስታውስ ነው። አንጀቴን በላችው። ትናንት ረቡዕ ሆነ። ከሁላችን ቀድማ እጇን ታጥባ ተቀመጠች። ግን ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ከበቡሽ ሳታስብ የሥጋ ወጥ አቀረበች። ልጄ ትሪውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ቀስ ብላ ተነሥታ ድስቷን ልታመጣ ሄደች። ያን አካሄዷን መቼም አልረሳው።

አንቺን አልወቅስም፤ እንደሱ እንዳታስቢ። ጠብቀሽ ባታቆይልኝ ኖሮ ምኑን አገኘው ነበር? ግን የገዛ እናቷ ቤት እንግዳ ሆናብኛለች። ምን ላድርግ? ድስቷን ልስበረው ወይ?

ስንታየሁ

*

ሸዋ ሮቢት
ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለስንታየሁ፤

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ እናደርሳለን። ሐሚድ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ድስቷን እንዳትሰብሪ። እንዳትደብቂም። ለሷ ያቺ ድስት እናቷ ነበረች፤ አንቺ ሳትኖሪ አንቺን ሆና የኖረች እሷ ናት።

እንዲህ አድርጊ። እሷን ወደ ትሪያችሁ አትጥሯት። እናንተ ወደሷ ሂዱ። የቤቱን ወጥ በሙሉ በሷ ድስት ጨምሩት፤ ትንሽ ናት፣ ሲያልቅ እየደጋገማችሁ ጨምሩ። ከዚያ ጥግ ይዛ ስትቀመጥ አንቺም፣ ከበቡሽም፣ ልጆቹም ሄዳችሁ በዙሪያዋ ተቀመጡ። ፈቃዷን ጠይቋት። እሺ ስትል እጃችሁን ስደዱ።

ይህን የማውቀው ብልህ ሆኜ አይደለም። ልጆቼ "እማ፣ ከትርንጎ ድስት ብንቀምስስ?" ሲሉኝ እጃቸውን እመታ ነበር ብዬሻለሁ። ያልነገርኩሽ፣ እኔንም አምሮኝ ያውቃል። ዶሮው አይደለም ያማረኝ። ለብቻዋ ፊቷን አዙራ ስትበላ ሄጄ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ከሷ ጋር አንድ ጉርሻ መብላት ነበር። ሃይማኖቴ ነውና አልቻልኩም፤ አሁንም ቢሆን አልችልም። አንቺ ግን ዛሬ ማታ ትችያለሽ።

ሙሚና

*

አዲስ አበባ
ግንቦት 26 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሙሚና፤

የረመዳን ጾም እንዴት ይዟችኋል? ሙቀቱ ላይ ሆኖ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ያበርታችሁ።

እንዳልሽው አደረግን። ከበቡሽ መጀመሪያ "ምን ዓይነት ነገር ነው፣ ትልልቅ ሰዎች ከሕፃን ድስት!" ብላ አጉረመረመች፤ በኋላ ግን ከሁላችን ቀድማ መሬት ላይ ቁጭ ያለችው እሷ ናት። ትርንጎ ስንመጣ ስታይ ድስቷን በክንዷ ከለለች። "እንብላ ወይ?" አልኳት። እጃችንን አንድ በአንድ አየች። "አትመቱም?" አለችኝ። ማንም አይመታም አልኳት። ክንዷን አነሣች።

በማግሥቱ ድስቷን ራሷ አምጥታ መሃል አስቀመጠችው። ጥቂት ቀን እንዲሁ በላን። ከዚያ አንድ ቀን ሳታመጣው ቀረች፤ ትሪው ላይ እጇን ሰደደች። እኛም እንዳላየን ሆንን።

ካርዱ ወጥቷል። የሼህ አብዱልወሃብን ዐረብኛ መሪጌታ እንዳለ አስገቡት። ምሳሌ ዐረፍተ ነገር አምጪ ሲሉኝ "ሐፃኒት፦ የሰውን ልጅ ታቅፋ ለእናቱ የምታቆይ" ብዬ ጻፍኩ። "ይህ ምሳሌ ሳይሆን ታሪክ ነው" አሉና ሰረዙት። ካርዱን ግን ለኔ እንዲቀር ሰጡኝ፤ ግልባጩን ልኬልሻለሁ።

ድስቷን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለሐሚድ የሰጠሁት እኔ አይደለሁም፤ የሰጠችው እሷ ናት። "ሮቢት ይቀመጥልኝ፤ እማ ሙሚና ቤት ስሄድ በምን እበላለሁ?" አለችኝ። ዕቃ ባዶውን አይላክም ብላት ምን እንደሚጨመርበት ስታስብ ዋለች። ሥጋ እንደማይሆን ታውቃለች። በመጨረሻ የመረጠችውን ታይዋለሽ። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ይዣት እመጣለሁ፤ ለዐረፋ እናንተው ጋ እንሆናለን።

ስንታየሁ

*

ሸዋ ሮቢት
ሰኔ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእህቴ ለስንታየሁ፤

እኛ ሁላችን ደህና ነን። ድስቷ ደርሳለች፤ ክዳኗ በጨርቅ ታሥሮ፣ ውስጧ የሽምብራ ቆሎ ሞልቶ። ሲደርሰን ገና ቀትር ስለነበር ሳንነካው አዋልነው። አባባ ደጋግመው ጨርቁን ገለጥ አድርገው እያዩ ይመልሱት ነበር።

ለማፍጠሪያ ካሳሁንንና ሚስቱን ጠራኋቸው። ቆሎ ባራኪ የለውም። በአንድ ሳሕን ዘርግፌ መሃል አደረግሁትና ሁላችንም ከሱ ዘገንን። ካሳሁን ሚስቱን "ለዐረፋ ዶሮዋን ከአሁኑ አስቢበት" አላት። የካርዱን ግልባጭ ለአባባ አነበብኩላቸው። የተሰረዘውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ከበላን በኋላ ድስቷን ላጥብ ስወስድ አደም ተከትሎኝ መጣ። ከታች ቀርታ የነበረችውን አንዲት ሽምብራ በጣቱ አወጣና አየኝ። አልመታሁትም።

ሙሚና